ጓደኛን በመጽሐፍ ማማት

ወንድ ልጅ ጓደኛውን እንደሚወደው አፍ አውጥቶ የሚናገረው ሁለት ጊዜ ነው፦ አንዴ ሞቅ ሲለው፣ አንዴ ጓደኛው ሲሞት። የመጀመሪያውን ተናጋሪው ራሱ በማግስቱ አያስታውሰውም፤ ሁለተኛውን ደግሞ የተነገረለት ሰው አይሰማውም። በሁለቱ መካከል ያለው ሠላሳና አርባ ዓመት በምን ይሞላል ቢሉ በነቆራ ነው። ሆዱ ገፋ፣ ፀጉሩ ሸሸ፣ ሒሳብ ሲመጣ ስልክ ይደወልለታል፣ መኪና ሲነዳ ጎማው ሳይሆን ተሳፋሪው ነው የሚያልቀው ይባልለታል። ይህን ሁሉ የሚለው ሰው ግን ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ለመትከል ቀድሞ የሚደርሰው፣ ልጅ ሌሊት ሲታመም መኪና አስነስቶ የሚከንፈው ያው ሰው ነው። ስለዚህ ስለ ሁለት ወንዶች ጓደኝነት የሚናገር የጉዞ መጽሐፍ ሲወጣ አንባቢዎች በአንድ ድምፅ አይፈርዱም። ነቆራ ቋንቋው የሆነ አንባቢ በሳቅ ይፈርሳል። ያልሆነለት ግን መጽሐፉን ዘግቶ፣ እነዚህ ሰዎች ካልተዋደዱ ምን አብሮ አስኬዳቸው ብሎ ይጠይቃል።

ለዚህ ክርክር እንግሊዛዊው ኤሪክ ኒውቢ በ1958 ያሳተመውን «ኤ ሾርት ዎክ ኢን ዘ ሂንዱ ኩሽ» የሚያክል ምስክር አይገኝም (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ኒውቢ በ1956 ዕድሜው ሠላሳ ስድስት ነበር፤ በለንደን በሴቶች ልብስ ንግድ የሚተዳደር፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት። ሐርና ዳንቴል ሰለቸውና ሪዮ ዴ ጄኔሮ በዲፕሎማትነት ለሚሠራው ጓደኛው ለሂዩ ካርለስ የአንድ መስመር ቴሌግራም ላከ፤ በሰኔ ኑሪስታን መሄድ ትችላለህ ወይ የሚል። ኑሪስታን በአፍጋኒስታን ሰሜን ምሥራቅ ያለ፣ በተራራ የታጠረ፣ ያኔ የውጭ ሰው እምብዛም የማይረግጠው አገር ነው። ካርለስ ለምን፣ በምን ገንዘብ፣ ማን ፈቅዶልን ብሎ አልጠየቀም፤ እሺ አለ። ኋላ ግን ነገር ጨመረበት። ከአራት ዓመት በፊት ሞክሮት ያቃተው ሚር ሳሚር የሚባል ተራራ ነበር፤ መንገዳችን ላይ ስለሆነ እግረ መንገዳችንን እንወጣዋለን አለ። ሚር ሳሚር ስድስት ሺህ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ከራስ ደጀን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚበልጥ ተራራ ነው። ኒውቢ ተራራ ወጥቶ አያውቅም፤ ካርለስም ከእሱ ብዙ አይሻልም። መፍትሔ ብለው ዌልስ ሄደው ጥቂት ቀን ተለማመዱ። እዚያም ያረፉበት ቤት አስተናጋጅ ሴቶች ስለ ገመድና ስለ ቋጥኝ ከእነሱ ይልቅ የሚያውቁ ሆነው ስለተገኙ፣ ምግብ የሚያቀርቡት ልጆች ትምህርቱንም አቀረቡላቸው።

የቀረው እንዲህ ካለ ዝግጅት የሚጠበቀው ነው። ከፓንጅሺር ሸለቆ አብዱል ጊያስ፣ ሺር ሙሐመድና ባዳር ካን የሚባሉ ሦስት ሰዎች ከነፈረሶቻቸው ቀጥረው ጉዞ ጀመሩ። የኒውቢ አዲስ ጫማ ገና ከመነሻው የእግሩን ቆዳ ገፈፈው። ሁለቱም በተቅማጥ ተዋከቡ። በረዶው ላይ ሲደርሱ ደረጃ እንዴት እንደሚፈለፈል የሚያስረዳ የመመሪያ ጽሑፍ አውጥተው ያነባሉ፤ መዋኘት የሚያስተምር መጽሐፍ ይዞ ባሕር እንደ ገባ ሰው ማለት ነው። ከጫፉ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ሲቀራቸው ጊዜው ስላልበቃቸው ተመለሱ። ተራራውን ከሦስት ዓመት በኋላ ጀርመኖች ወጡት። እነሱ ግን ኑሪስታንን ዞረው ሲመለሱ ዝነኛውን ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀርን መንገድ ላይ አገኙት። ማታ ድንጋያማ መሬት ላይ ለመተኛት የነፋስ ፍራሻቸውን ሲነፉ አየና ልፍስፍሶች ናችሁ የሚል ስድብ ሰደባቸው። መጽሐፉ በዚሁ ስድብ ያበቃል።

የአንባቢዎች አስተያየት በአራት ይከፈላል። የመጀመሪያው ጀብዱ ፈላጊ ነው፤ ተራራ ያልተወጣበት የተራራ መጽሐፍ ሙሽራ የሌለበት ሰርግ ነው ባይ። ሁለተኛው ስሜት ፈላጊ ነው። የጓደኝነት መጽሐፍ ነው ብለው ሰጡኝ፤ ከዳር እስከ ዳር ባነበው አንዱ ሌላውን እወድሃለሁ ቀርቶ ደህና አደርክ እንኳ በቅጡ አይለውም ይላል። ሦስተኛው ፍርድ ፈላጊ ነው። ሁለት ፈረንጆች በሰው አገር ሄደው በሰው ምግብና በሰው ልማድ ሲሳለቁ እኔ ምን ያስቀኛል፣ ሚስትየዋስ የት ቀረች ብሎ ይሞግታል። አራተኛው ሳቂታው ነው፤ ከሆዱ ስቋል፣ ለጓደኛው ገዝቶ ሰጥቷል፣ ለምን እንደሳቀ ቢጠይቁት ግን አንብበው ከማለት ሌላ ምላሽ የለውም። የሚያሳዝነው፣ ሦስቱ ክርክራቸውን በማስረጃ ሲያቀርቡ ትክክለኛው ስሜት ያለው አራተኛው ያለ ጠበቃ መቅረቱ ነው። ሙግቱን እኔ ልያዝለት፤ ከሦስቱ በአንደኛው እንደምረታ ግን ከወዲሁ ይታወቅ።

ከጀብዱ ፈላጊው ጋር ረጅም ክርክር አያስፈልግም። ጫፍ የደረሱ ሰዎች የጻፏቸው መጻሕፍት በየቤተ መጻሕፍቱ አቧራ ሲጠጡ፣ ያልደረሱት የጻፉት ከስልሳ ዓመት በላይ ሲታተም ኖሯል። ከእሱ በፊትም እንዲህ ያለ ነገር ታይቷል። ጀሮም ኬ. ጀሮም ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በቴምዝ ወንዝ ላይ ስላደረገው የጀልባ ሽርሽር በ1889 ባሳተመው መጽሐፍ የተገኘ ግኝት የለም፤ የተሸነፈ ጠላት የለም፤ መጨረሻ ላይ ዝናብ ሲያስመርራቸው ጀልባዋን ትተው በባቡር ለንደን ይገባሉ። የዘመኑ ተቺዎች የሰፈር ወሬ፣ የተራ ሰው አነጋገር ብለው አጣጣሉት። አንባቢው ግን እየተሻማ ገዛው፤ እስካሁንም አልተወውም። አንባቢ እንዲህ ካሉ መጻሕፍት የሚፈልገው የከፍታ ልክ አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ሲደክማቸው፣ ሲርባቸው፣ ሲበሰብሱና ሲሰለቻቸው ምን ይባባላሉ የሚለውን ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ከስኬት ይልቅ ውድቀት ይሻላል፤ ተራራ ጫፍ ላይ ቆሞ የማይተቃቀፍ ማን አለና።

ዋናው ክርክር ከስሜት ፈላጊው ጋር ነው። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ በጓደኛ ላይ በማማረር የተሞላ መጽሐፍ እውነተኛ የጓደኝነት መጽሐፍ መሆን ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ ጸሐፊው በጓደኛው ላይ ከሚስቀው በላይ በራሱ ላይ መሳቅ አለበት። ሁለተኛ፣ የተሳቀበት ሰው መልስ የመስጠት ዕድል ሊኖረው ይገባል። እነዚህ ሁለቱ ካሉ ነገሩ ፉገራ ነው፤ በአደባባይ የተነገረ ሐሜት ቢመስልም መርዝ የለበትም። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ግን ሳቁ ምንም ያህል ቢጥም ንቀት ነው። ማንኛውንም የነቆራ ማዕድ በዚህ መመዘን ይቻላል፤ ራሱን የማያስነካ ነቋሪና መልስ መስጠት የማይችል ተነቋሪ ባሉበት ማዕድ ላይ ጓደኝነት አልተቀመጠም።

በመጀመሪያው መመዘኛ የኒውቢን ያህል በማዕረግ የሚያልፍ ጥቂት ነው። መጽሐፉን ብቻ ያነበበ ሰው ኒውቢን ከልብስ ሱቅ ወጥቶ የማያውቅ፣ በመጀመሪያው ኮረብታ የሚያለከልክ ምስኪን አድርጎ ይስለዋል። ሰውየው ግን ገና ጎረምሳ ሳለ በ1938 በባለ አራት ምሰሶ የሸራ መርከብ ላይ ተቀጥሮ አውስትራሊያ ደርሶ የተመለሰ መርከበኛ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጠላት ዳርቻ በሚደረግ ልዩ ዘመቻ ተሰልፎ በሲሲሊ አካባቢ ተማርኳል፣ ጣሊያን ውስጥ ከምርኮ አምልጦ በተራራ ሲደበቅ ከርሟል፣ ሚሊተሪ ክሮስ የሚባለውን ሜዳይ ተሸልሟል። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ከዚህ ውስጥ አንዱን እንኳ በየምዕራፉ ጣል ሳያደርግ አያልፍም ነበር። ኒውቢ ግን ጀግንነቱን ደብቆ የተላጠ እግሩን አወጣ። ይህ ለመልክ የተደረገ ትሕትና ብቻ አይደለም፤ ካርለስን ለመንቀፍ የከፈለው ቀረጥ ነው። ጓደኛው ግትር ነው፣ ችኩል ነው፣ ዕረፍት አያውቅም ለማለት የፈለገ ሰው በቅድሚያ እኔ ደግሞ ከእሱ የባስኩ ምስኪን ነኝ ማለት ነበረበት፤ ብሏልም። ሁለቱን በሚዛን ብታስቀምጧቸው ከመጽሐፉ ይበልጥ ክብሩ ተጠብቆ የሚወጣው ካርለስ ነው፤ ቢያንስ ፋርስኛ ይናገራል።

ሁለተኛውን መመዘኛ ለመፈተን ከመጽሐፉ ውጭ ማየት ይጠይቃል። ካርለስ ምን አለ? ዲፕሎማት ስለሆነ አፉን መያዝ ሙያው ነው ልትሉ ትችላላችሁ፤ እውነትም በመንግሥቱ ሥራ ሲያገለግል ኖሮ በቬንዙዌላ አምባሳደር እስከመሆን ደርሷል። ከመጽሐፉ በኋላ በየግብዣው ያ በበረዶ ላይ መመሪያ ያነበበው ሰውዬ አንተ ነህ ወይ ሳይባል እንዳልቀረ መገመት አያዳግትም። ግን አልሸሸም። ጉዞው ከተደረገ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ለወጣው እትም የመዝጊያ ጽሑፍ የጻፈው ራሱ ካርለስ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የተሳቀበት ሰው የመጨረሻውን ቃል ወስዶ ሲያበቃ መጽሐፉን አላፈረሰም፤ ስሙን አከለበት። ጓደኝነቱን የሚጠራጠር ሰው ከዚህ የበለጠ ፊርማ ከየት ያመጣል? ሽማግሌ ፊት የተጻፈ የዕርቅ ወረቀት እንኳ ይህን ያህል አይጸናም፤ እዚህ ግን ዕርቅ አልተጻፈም፣ ጠብም አልነበረምና።

መመዘኛዎቹ ለአንድ መጽሐፍ ብዬ የቆረጥኳቸው እንዳይመስሉ በሌላ ሰው ላይ ልሞክራቸው። ለዚህም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አዲስ አበባ ይበቃል። የኒውቢን መጽሐፍ መቅድም የጻፈው ደራሲው ኢቭሊን ዎ ነው፤ መጨረሻ ገጹ ላይ ስድብ ይዞ የሚመጣው ደግሞ ቴሲጀር ነው። ሁለቱ በ1930 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ላይ አዲስ አበባ ተገናኝተው ነበር። ቴሲጀር የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ በ1910 አባቱ የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ሆነው በሚሠሩበት ሌጋሲዮን ግቢ ተወለደ። አባቱ በ1916ቱ የልጅ ኢያሱ ግርግር ጊዜ የራስ ተፈሪን፣ የኋላውን ኃይለ ሥላሴን፣ ሕፃን ልጅ በግቢያቸው አስጠልለው ስለነበር፣ የሃያ ዓመቱ ወጣት ለንግሡ የመጣው በንጉሠ ነገሥቱ ተጋብዞ ነው። ዎ ደግሞ ለጋዜጣ ሊዘግብ የመጣ፣ ሁሉን የሚቀልድበት የሃያ ሰባት ዓመት ጸሐፊ ነበር። ቴሲጀር ወደ አፋር በረሃ ለመውረድ መዘጋጀቱን ሰምቶ አብሬህ ልሂድ ብሎ በሰው በኩል አስጠየቀው፤ ቴሲጀር እምቢ አለ። የጠላበትንም ምክንያት በ1987 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ዘርዝሮታል፦ ከሱዊድ ቆዳ የተሠራው ግራጫ ጫማው፣ የተንዘላዘለው ቢራቢሮ ክራቫቱ፣ ከመጠን በላይ የሰፋው ሱሪው። አብሮ ቢሄድ ኖሮ ከሁለታችን በሕይወት የሚመለሰው አንዳችን ብቻ ነበር እስከማለትም ደርሷል። ነገሩ ከሆነ ሃምሳ ሰባት ዓመት፣ ዎ ከሞተ ደግሞ ሃያ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። ጸሐፊው በራሱ አልሳቀም፤ የተወቀሰው ሰው መልስ መስጠት አይችልም። ሁለቱም መመዘኛዎች ወደቁ፤ እውነትም በመካከላቸው ጓደኝነት አልነበረም። ኒውቢ ስለ ካርለስ የጻፈው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ አንድም ቦታ ግን ስለ ጫማ እንዲህ ያለ ቂም አይገኝበትም። እግሩን የላጠው ጫማ ሳይቀር ይቅር ተብሏል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ቴሲጀር ከነቆራ ዓለም ውጭ ያለ ሰው ነበር፤ ይሁን እንጂ ጓደኛ የማያውቅ ሰው አልነበረም። በ1959 ያሳተመው «አረቢያን ሳንድስ» ሩብ አል ኻሊ የሚባለውን የአረቢያ ምድረ በዳ አብረውት ስላቋረጡ የበዱ ጎረምሶች በፍቅርና በአክብሮት የሚናገር ነው። ቢን ካቢናንና ቢን ጋበይሻን በስማቸው ይጠራል፣ ፎቶግራፋቸውን ያወጣል፣ ከበረሃው ይልቅ የጓደኞቹ ባልንጀርነት እንደሚበልጥበት በግልጽ ይጽፋል። ታዲያ ያለ ፌዝም መውደድ ይቻላል ማለት ነው፤ የወንድ ፍቅር በነቆራ ብቻ ይነገራል ማለት የሰነፍ ክርክር ነው ቢባል እቀበላለሁ። የእኔ ክርክር ግን ነቆራ ብቸኛው መንገድ ነው አይልም፤ መንገድ ነው ይላል። እንደ ቴሲጀር በግልጽ ማድነቅ ለጥቂቶች የተሰጠ ነው፤ ለዚያውም ለሩቅ ሰው ይቀላል። የሰፈርህን ልጅ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛህን፣ ብድርህን ያልመለሰውን ሰው እንዲያ ብለህ ብታደንቀው መጀመሪያ የሚያደርገው ግንባርህን ዳብሶ ትኩሳት እንዳለህ ማየት ነው።

ስሜት ፈላጊው ገና አልረካም። ዝምታውን ፍቅር ብለህ ተረጎምክላቸው እንጂ ምናልባት የእንግሊዝ ቅዝቃዜ ብቻ ቢሆንስ ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የማይናገር ሁሉ ይወዳል ብንል ግድግዳም ወዳጃችን ይሆናል። መልሱ ያለው በተደረገው ነገር ላይ ነው። ቴሌግራሙን አስቡት፤ ሰውየው በሌላ ክፍለ ዓለም ተቀምጦ ሥራውን፣ ገንዘቡንና ዕረፍቱን ለማያውቀው ጣጣ በአንድ ቃል ሰጠ። ገመዱንም አስቡት፤ ተራራ ላይ በአንድ ገመድ የተያያዙ ሁለት ጀማሪዎች አንዱ ቢንሸራተት ሌላውን ይዞት ይወርዳል፤ ይህን እያወቁ መታሰራቸው ከማንኛውም የፍቅር ደብዳቤ ይበልጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መመለሳቸውን አስቡት። ሁለት መቶ ሜትር ቀርቶት የተመለሰ ሰው ቤቱ ገብቶ መጽሐፍ ሲጽፍ ፈተናው ከባድ ነው፤ ያ ሰው ባይዘገይ ኖሮ፣ ምክሬን ቢሰማ ኖሮ ማለት ያምረዋል። የከሸፈ ዘመቻ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የክስ መዝገብ ነው። ኒውቢ ግን በትንንሹ ነገር ሁሉ ጓደኛውን ሲያማ ቆይቶ በትልቁ ነገር ላይ አልከሰሰውም፤ ያልተወጣው ተራራ የሁለታቸው ሆኖ ቀረ። ትንሹን ጥፋት የሚቆጥርና ትልቁን የሚሸፍን ሰው ካገኛችሁ ጓደኛ አግኝታችኋል። የሚያስፈራው በተቃራኒው ትንሹን እያለፈ ትልቁን የሚያስቀምጥላችሁ ነው።

ሦስተኛው፣ ፍርድ ፈላጊው፣ ሁለት ክስ አለው። አንደኛው የሚስት ጉዳይ ነው። የኒውቢ ባለቤት ቫንዳ እስከ ቴህራን በመኪና አብራ ሄዳ ከዚያ ወደ ልጆቿ ተመለሰች፤ ወንዶቹ ወደ ጀብዱ፣ ሴቲቱ ወደ ማጀት ነው ይላል ከሳሹ። የዘመኑን አስተሳሰብ ለመከላከል አልነሳም። ነገር ግን ቫንዳ ማጀት የምትጣል ሴት አልነበረችም፤ ጣሊያን ውስጥ ከምርኮ ሲያመልጥ ሕይወቷን አደጋ ላይ ጥላ የረዳችው ስሎቬናዊት እሷ ነች፤ የተዋወቁትም በዚያው ነው። በጋንጀስ ወንዝ ላይ አብረው ተጉዘው በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ የካርለስን ቦታ የያዘችው ቫንዳ ናት። እዚያም ያው ነቆራ፣ ያው ማማረር አለ፤ ልዩነቱ እሷ ካርለስን የሚያስንቅ መልስ ስለምትሰጥ ባልየው አብዛኛውን ክርክር መሸነፉ ብቻ ነው። ይህ ለክርክሬ ትልቅ ድጋፍ ነው፤ ሰውየው የሚነቁረው ወንድ ስለሆነ ወይም ስለሚጠላ ሳይሆን ስለሚቀርበው ነው። የወንዶች ጓደኝነት የምንለውም ነገር የወንዶች ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ወንዶች ከዚህ ሌላ ቋንቋ ስላልተማሩ ጎልቶ ታየባቸው እንጂ።

ሁለተኛው ክስ ላይ ግን እጅ እሰጣለሁ። አብዱል ጊያስ፣ ሺር ሙሐመድና ባዳር ካን ጓዙን ጭነዋል፣ ፈረሱን መርተዋል፣ መንገዱን አሳይተዋል፤ ወደ ኑሪስታን ለመግባት ፈርተው ሳለ ገብተዋል። ኒውቢ ስማቸውን መዝግቧል፣ ጠባያቸውን ለያይቶ ስሏል፣ ለእነሱም ፍቅር የለውም ማለት አይቻልም። በራሱ መሳቁም እዚህ አልቀረም፤ ሦስቱ ሰዎች ሁለቱን ፈረንጆች እንዴት እየታዘቡ እንደሚያዩ አልደበቀም። ስለዚህ በመጀመሪያው መመዘኛ አልፏል ማለት ይቻላል። በሁለተኛው ግን ወድቋል። ካርለስ የመዝጊያ ጽሑፍ አገኘ፣ ቫንዳ በየገጹ መለሰች፤ አብዱል ጊያስ በማያነበው ቋንቋ ስለተጻፈለት ነገር ምን እንዳለ የሚነግረን ገጽ የለም። ከመቅድም ጸሐፊው ከኢቭሊን ዎ ብዕር ብዙ የቀመሰ የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ክስ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም፤ ዎ በንግሡ ጊዜም፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለወራሪው ባደላባቸው ጽሑፎቹም በእኛ ላይ እንደልቡ ሲቀልድ መልሳችንን የጠየቀ አልነበረም። በአንጻሩ ቀልድ የማያውቀው ቴሲጀር በ1941 ከዊንጌት ጦር ጋር ጎጃም ገብቶ ጣሊያንን ወግቷል። የሚያስቅ ሁሉ ወዳጅ አይደለም፤ ፊቱን የሚያጨፈግግም ሁሉ ጠላት አይደለም። ኒውቢ እንደ ዎ አይደለም፤ ሳቁ ክፋት የለበትም። ቢሆንም ተራኪው የሚያስቅባቸው ሰዎች ቁጥር አምስት ሆኖ መልስ የሚሰጡት ሁለት ብቻ ሲሆኑ ሚዛኑ ተዛብቷል ማለት ሐቅ ነው።

ስለዚህ ፍርዱ ይህ ነው። ጀብዱ ፈላጊው ሌላ መጽሐፍ ይፈልግ፤ ጀርመኖቹን ይጠይቅ። ስሜት ፈላጊው መጽሐፉን እንደገና ያንብበው፤ በዚህ ጊዜ ግን የተባለውን ትቶ ማን ማንን ጠብቆ ቆመ፣ ማን ለማን ገመድ ያዘ፣ ማን ማንን ሳይከስ ዝም አለ የሚለውን ይከተል። ፍርድ ፈላጊው ትክክል ነው፤ ስለ ሦስቱ የፓንጅሺር ሰዎች ብሎ ነጥብ ይቀንስ፣ መጽሐፉን ግን አይጣል። ሳቂታው እንደሳቀ ይቀጥል፤ ሳቁ ከሁሉም ይልቅ ወደ እውነት የቀረበ ነበር። ለቀረነው አንባቢዎች የምመክረው አንድ ነገር አለ። ጓደኛችሁ አንድ ቀን ስለ እናንተ መጽሐፍ ቢጽፍ፣ ቀርፋፋ ናቸው፣ ያንኮራፋሉ፣ ሒሳብ ሲመጣ ይሰወራሉ ቢል ደስ ይበላችሁ፤ መልሳችሁን አዘጋጁ። ከመጀመሪያ ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ ነቀፋ ሳያወጣ ካመሰገናችሁ ግን ሐኪማችሁ የነገረው፣ ለእናንተ ግን የተደበቀ ነገር እንዳለ ቶሎ አጣሩ።